ሶሻሊስታዊ ፖሊሲ በመድብለ ፓርቲ ሥር ይጸናል ወይስ ይፈርሳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ብዙ ፓርቲ ባለበት አገር ሶሻሊስታዊ ፖሊሲ ሊሳካ ይችላል ወይ? በየአራትና አምስት ዓመቱ ምርጫ ይመጣል። አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሳል። ታዲያ ለእንዲህ ዓይነቱ ፖሊሲ አንድ ጠንካራ ፓርቲ ብቻ ቢኖር አይሻልም?»

ሊሳካ ይችላል። ተሳክቶም ያውቃል። ግን ሁሉም ዓይነት አይሳካም። የትኛው ጸና፣ የትኛው ፈረሰ ለማለት እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው። ፖሊሲውን ያወጣው ፓርቲ ሥልጣን ላይ ሳለ ምን ያህል ሠራ ብዬ አልጀምርም። ተሸንፎ ሲወጣ፣ የተካው ተቃዋሚ ፖሊሲውን ምን አደረገው? ይህን ነው የማየው። ተቃዋሚው ደፍሮ ካልነካው ፖሊሲው ሥር ሰዷል። ወንበሩ ሳይሞቅ ካፈረሰው ደግሞ መጀመሪያም የቆመው በፓርቲው ትከሻ ላይ ብቻ ነበር።

ዓመቶቹንም ቀኖቹንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ከእንግሊዝ ልጀምር። እዚያ የጸናውንም የፈረሰውንም የሠራው አንድ መንግሥት ነው። በ1945 የክሌመንት አትሊ ሌበር ፓርቲ በሰፊ የወንበር ብልጫ አሸነፈ። የድንጋይ ከሰሉን ወደ መንግሥት አዛወረ። ባቡሩንም ጨመረ። ሐምሌ 5 ቀን 1948 ለሁሉም ሰው ነፃ የሆነ ሕክምና አስጀመረ። መጨረሻ ላይ፣ በ1951 መጀመሪያ፣ የብረት ኢንዱስትሪውን ወረሰ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ተሸንፎ ወጣ፣ የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲው መሪ ቸርችል ተመለሰ።

የቸርችል ፓርቲ የሕክምናው ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ሲቀርብ ተቃውሞ ድምፅ ሰጥቷል። ሥልጣን ሲይዝ ግን አላፈረሰውም። ብረቱን ግን ከ1953 ጀምሮ ለግል ባለሀብት መሸጥ ያዘ። ሌበር በ1967 እንደገና ወረሰው። ኮንሰርቫቲቮች በ1988 እንደገና ሸጡት።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ነፃ ሕክምናው በሦስት ዓመት ውስጥ የኮንሰርቫቲቭ መራጩንም ቤት አንኳኩቷል። መነጽር ሠርቶለታል፣ ጥርሱን ነቅሎለታል፣ ሚስቱን አዋልዶለታል። የብረት ፋብሪካው ባለቤት መንግሥት ይሁን ግለሰብ ግን የለንደኑ ባለሱቅ ኑሮ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ ሲሸጥም ሲወረስም ከፓርቲዎቹ ውጭ የጮኸ ብዙ ሰው አልነበረም። የምርጫ ሥርዓቱም መገለባበጡን ያቀለዋል። በእንግሊዝ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ወንበሩን ይወስዳል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል። በ1951 ሌበር በጠቅላላ ድምፅ ከኮንሰርቫቲቮች በልጦ በወንበር ተሸንፏል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ትንሽ የድምፅ ለውጥ መንግሥትን ሙሉ በሙሉ ይገለብጣል። አዲሱም መንግሥት ማንንም ሳያማክር የድሮውን ሕግ መሻር ይችላል።

ስዊድን ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ለጥያቄው ብዙ የሚያስተምረው እሱ ነው። አንዳንድ ሰው «የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶች 44 ዓመት ገዝተው የለ? ያው አንድ ፓርቲ ማለት ነው» ይላል። አይደለም። ከ1932 እስከ 1976፣ በ1936 ክረምት ላይ ከነበረች አጭር ጊዜ በቀር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከነሱ ነበር። ይህ እውነት ነው። ታገ ኤርላንደር ብቻውን 23 ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ግን በዚያ ሁሉ ዘመን በሁለተኛው፣ ማለትም በታችኛው፣ ምክር ቤት ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኙት በ1940 እና በ1968 ብቻ ነው። የምርጫ ሥርዓቱ ተመጣጣኝ ውክልና ስለሆነ 46 ከመቶ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ወንበሩም ወደዚያው ነው። ትልቅ ሕግ በወጣ ቁጥር የሌላ ሰው በር ማንኳኳት ግድ ነበር።

መጀመሪያ ያንኳኩት የገበሬዎቹን ፓርቲ በር ነው። ዓመቱ 1933 ነው፣ የዓለም ኢኮኖሚ ተንኮታኩቷል። የፔር አልቢን ሃንሰን መንግሥት ለሥራ አጦች የሕዝብ ሥራ ለመክፈትና በገበያ ደመወዝ ሊከፍል ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ለሥራ አጥ የሚሰጠው ሥራ ደመወዙ ከገበያው በታች ነበር። ገበሬው ደግሞ የቅቤና የወተት ዋጋ ወድቆበት ዕዳ ውስጥ ገብቷል። መንግሥት ዋጋ እንዲደግፍለት ይፈልጋል። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ይህን አይወዱም፣ የከተማውን ሠራተኛ ምግብ ያስወድዳል። ገበሬዎቹም የሥራ አጡን ነገር አይወዱም፣ ቀረጥ ያስጨምራል። ተቀምጠው ተለዋወጡ። አንዱ ቅቤውን፣ ሌላው ደመወዙን አገኘ። ስዊድኖች እስከ ዛሬ ይህን ስምምነት «የላም ንግድ» እያሉ ያሾፉበታል። ሹፈቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ የሥራ አጦቹ ፕሮግራም ሲነካ የገበሬውም ቅቤ አብሮ ይነካል። ፖሊሲው ሁለት ጠባቂ አገኘ።

ሁለተኛው ታሪክ የጡረታው ነው፣ እኔም በጣም የምወደው። በ1950ዎቹ ለሁሉም እኩል የሆነች ትንሽ ጡረታ ነበረች። የመንግሥት ሠራተኛው በላይዋ ላይ በደመወዙ ልክ ተጨማሪ ያገኛል። የፋብሪካው ሠራተኛ አያገኝም። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ተጨማሪው ጡረታ ለሠራተኛ ሁሉ በሕግ ግዴታ ይሁን አሉ። ቀኞቹ በፈቃደኝነት ይሁን አሉ። ጉዳዩ በ1957 ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፣ አማራጩም ሦስት ነበር። የሶሻል ዴሞክራቶቹ ሐሳብ 46 ከመቶ ገደማ አገኘ። አንደኛ ነው፣ ግን ግማሽ አልሞላም። ያን ጊዜ ከገበሬዎቹ ፓርቲ ጋር የነበረው ጥምር መንግሥት ፈረሰ። በ1958 ምክር ቤቱ ተበትኖ ያለጊዜው ምርጫ ተደረገ። ውጤቱን ይመልከቱ። ድምፅ የማይሰጠው አፈ ጉባኤ የግራው ወገን ስለነበር ግራና ቀኙ 115 ለ115 ቀሩ!

በ1959 ድምፅ ሲሰጥ ቱሬ ኬኒግሶን የተባለ የሊበራሉ ፓርቲ ተወካይ ከፓርቲው መስመር ወጥቶ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ሕጉ በ115 ለ114 አለፈ። በአንድ ሰው ተዓቅቦ የአንድ አገር ጡረታ ተወሰነ።

እንዲህ በቋፍ ያለፈ ሕግ በሚቀጥለው ምርጫ ይሻራል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። አልተሻረም። በ1960ው ምርጫ እንዲያውም የሶሻል ዴሞክራቶቹ ድምፅ ጨመረ። ምሥጢሩ ያለው በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ነው። ጡረታው የሚሰላው ከ30 የሥራ ዓመት ውስጥ ገቢው ከፍ ባለባቸው 15 ዓመታት ነበር። ይህ የጠቀመው ማንን ነው? ደመወዙ በወጣትነቱ አነስ ብሎ ዕድሜው ሲገፋ የሚያድገውን የቢሮ ሠራተኛ ነው። ያ ሰው በተለምዶ ሶሻል ዴሞክራቶቹን አይመርጥም። ሆን ተብሎ እንዲገባ ተደረገ። አንዴ ከገባ በኋላ ጡረታዬን ልሰርዝ የሚል ፓርቲን አይመርጥም። ብዙ ፓርቲና ጠባብ ብልጫ ባይኖር ኖሮ ሕጉ ለፋብሪካው ሠራተኛ ብቻ ተሰፍቶ ይወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያኔ ደግሞ ጠባቂው ትንሽ ይሆን ነበር።

በ1976 ሶሻል ዴሞክራቶቹ ተሸነፉ። የቶርቢዮርን ፌልዲን የሦስት ፓርቲ ጥምር መንግሥት መጣ። ቀኞቹ 44 ዓመት የጠበቁት ቀን ነው። ጡረታውን አልነኩም፣ የልጅ አበሉን አልነኩም። ጭራሽ ኪሳራ ላይ የወደቁ የመርከብ ፋብሪካዎችን ራሳቸው ወደ መንግሥት አዛወሩ። በኔ መለኪያ ከዚህ የተሻለ ድል የለም።

ግን በዚያው ዓመት በዚያው አገር የተወለደ ሌላ ፖሊሲ አለ፣ እሱ ወድቋል። የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን ኢኮኖሚስት የነበረው ሩዶልፍ ሜይድነር አንድ ሐሳብ አመጣ። ትልልቅ ኩባንያዎች በየዓመቱ ከትርፋቸው 20 ከመቶውን በአዲስ አክሲዮን መልክ ለሠራተኞች የጋራ ፈንድ ይስጡ አለ። በጊዜ ብዛት የኩባንያው ባለቤትነት ሳይወረስ፣ ጠመንጃ ሳይተኮስ፣ ቀስ ብሎ ወደ ሠራተኛው ይዞራል። ብልህ ሐሳብ ነበር። በሰኔ 1976 የማኅበራቱ ጉባኤ በጭብጨባ ተቀበለው። በመስከረም ፓርቲው ምርጫውን ተሸነፈ። የኑክሌር ኃይል ክርክርም ነበረበትና ሽንፈቱን ሁሉ በፈንዱ ላይ አላላክክም፣ ግን ከባድ ሸክም ነበር።

ፓርቲው በ1982 ሲመለስ ሐሳቡን አመንምኖ አቀረበው። በጥቅምት 1983 የንግዱ ዓለም ሰዎች፣ ባለሱቆችና ሥራ አስኪያጆች በአስር ሺዎች ሆነው ስቶክሆልም አደባባይ ወጡ። የከረባት ሰልፍ ማለት ነው። በታኅሣሥ ሕጉ አለፈ። በዚያው ዕለት የራሱ የፓርቲው የገንዘብ ሚኒስትር ሼል-ኦሎፍ ፌልት ፓርላማ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በፈንዱ ላይ የሚያላግጥ ግጥም ሲጽፍ ፎቶ አንሺ ያዘው። ካወጣው ሰው እንዲህ የተናቀ ፖሊሲ ማን ይሞትለታል? በ1991 የካርል ቢልት መንግሥት ሲመጣ ፈንዱን ዘጋው። ገንዘቡ በከፊል ለሳይንስ ምርምር ሄደ። ሰልፍ የወጣለት የለም። ምክንያቱም የቮልቮ ሠራተኛ «ይህ የኔ ነው» ብሎ የሚያሳየው አንድ ወረቀት እንኳ በስሙ አልነበረውም። ጡረታው በየወሩ እጁ ይገባል። ፈንዱ የማኅበሩ መሪዎች ነገር ነው።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሀብታም አገሮች ናቸው። «ለድሃ አገርስ?» ማለትዎ አይቀርም። ሕንድ ውስጥ ኬረላ የምትባል ክፍለ ግዛት አለች። በ1957 ኮሚኒስቶች ምርጫ አሸንፈው ኢ.ኤም.ኤስ. ናምቡዲሪፓድ የክፍለ ግዛቷ ዋና ሚኒስትር ሆነ። ዋናው አጀንዳቸው ጭሰኛውን ባለመሬት ማድረግ ነው። እኛ የምናውቀው አጀንዳ ነው። ከመሬቱ ሕግ ጋር ደግሞ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠር የትምህርት ሕግ አመጡ። ትምህርት ቤቶቹ በብዛት የአብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ድርጅቶች ናቸው። ባለመሬቱ፣ ቤተ ክርስቲያኗና የኮንግረስ ፓርቲ በአንድ ላይ አደባባይ ወጡ። በሐምሌ 1959 የጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ማዕከላዊ መንግሥት የተመረጠውን መንግሥት አሰናበተው። በሁለት ግንባር በአንድ ጊዜ ጦርነት መክፈታቸው ስህተት ነበር ባይ ነኝ። የማዕከሉ እርምጃም ከዴሞክራሲ አንፃር ነውር ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ነው የሚገርመው። የመሬቱ ጥያቄ አልሞተም። ጭሰኛው ድምፅ አለው፣ ማንም ፓርቲ ሊረሳው አልቻለም። ዋናው ሕግ በ1969 በናምቡዲሪፓድ ሁለተኛ መንግሥት ዘመን ጸደቀ። ሥራ ላይ የዋለው ግን ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በአቹታ ሜኖን ጥምር መንግሥት ነው። ያን ጊዜ የናምቡዲሪፓድ ፓርቲ ተቃዋሚ ወንበር ላይ ነበር። ጭሰኝነት ተሻረ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2016 ድረስ የኬረላ መራጭ በየምርጫው ገዢውን ግንባር እያወረደ ሌላውን ሲያወጣ ኖረ። የግራው ግንባር ይመጣል፣ የኮንግረሱ ግንባር ይመጣል። ጤና ጣቢያውን የዘጋ የለም፣ የራሽን ሱቁን የዘጋ የለም። እንዲያውም እኔ እበልጥ እኔ እበልጥ ይባባላሉ።

ምዕራብ ቤንጋልን አጠገቧ ያስቀምጡ። እዚያም ብዙ ፓርቲ አለ፣ ምርጫም አለ፣ ግን የግራው ግንባር ከ1977 እስከ 2011 ለ34 ዓመት አልወረደም። ጅማሬው ጥሩ ነበር። እኩል አራሹ በስሙ ተመዝግቦ ከመሬቱ እንዳይነቀል ተደረገ፣ የመንደር ምክር ቤቶች ተጠናከሩ። ቆይቶ ግን ፓርቲው ራሱ የመንደሩ ባለሥልጣን ሆነ። በ2006 እና 2007 በሲንጉርና በናንዲግራም ለፋብሪካ ብሎ የገበሬ መሬት ሊወስድ ሲነሳ፣ መሬት ሰጪ የተባለው ፓርቲ መሬት ነጣቂ ተባለ። በ2011 ተባረረ። በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ በኬረላ 94 ከመቶ፣ በምዕራብ ቤንጋል 76 ከመቶ ገደማ ነበር። ኬረላ በትምህርት የቀደመችው ገና ከነገሥታቱና ከሚሲዮኖቹ ዘመን ጀምሮ ነው፣ ይህን መርሳት አይገባም። ቢሆንም 34 ዓመት ያለማቋረጥ መግዛት የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ ያሳያል። መውረድን የማይፈራ ፓርቲ ክሊኒኩን ለመጠገን አይቸኩልም።

ዋጋው ደግሞ አለ። መድብለ ፓርቲ ያዘገያል፣ ያሸራርፋል። ከ1957 እስከ 1970 በነበሩት ዓመታት የኬረላ ባለመሬቶች መሬታቸውን ለዘመድ አዝማድ አከፋፍለው ሕጉ ካስቀመጠው የይዞታ ጣሪያ ለማምለጥ በቂ ጊዜ አግኝተዋል። የሻይና የጎማ እርሻዎች ከሕጉ ተገለሉ። ጭሰኛው መሬት ሲያገኝ፣ ከሱ በታች ያለው የቀን ሠራተኛ፣ በብዛት ከዝቅተኛው ካስት የሆነው፣ ጎጆው ያረፈበትን ትንሽ ቁራሽ ብቻ አገኘ። ድርድር ላይ ድምፁ የማይሰማው ከድርሻው ይቀራል። ይህን ጉድለት ሸፍኖ መድብለ ፓርቲን ማሞገስ አልወድም።

«ቺሊስ?» የሚል ደብዳቤ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ቀድሜ ልመልስ። ሶሻሊስቱ ሳልቫዶር አዬንዴ በ1970 ያሸነፈው በ36 ከመቶ ገደማ ድምፅ ነው። ሁለተኛው የቀረው ከሁለት ከመቶ ባነሰ ልዩነት ነው። ፕሬዚዳንት የሆነው የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ተወካዮች በአገሪቱ ፓርላማ፣ በኮንግረሱ፣ ውስጥ ስለደገፉት ነው። በሐምሌ 1971 የመዳብ ማዕድኑን ወደ መንግሥት የሚያዛውረው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ቀኙም ጭምር እጁን አወጣ! ከዚያ ወዲያ ግን የኮንግረሱ ብልጫ ስላልነበረው ፋብሪካዎቹን የሚወርሰው በ1932 ወጥቶ በተረሳ አንድ አዋጅ ሆነ። ኮንግረሱ «ያለ ሕግ አይወረስም» አለ፣ እሱም አልቀበልም አለ። ያኔ መሃል ላይ የነበሩት ክርስቲያን ዴሞክራቶች ወደ ቀኙ ሄዱ። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ለተቃዋሚ ፓርቲዎችና ጋዜጦች ገንዘብ ማፍሰሱ በራሱ በአሜሪካ ሴኔት የተረጋገጠ ነው። በመጋቢት 1973 ምርጫ የአዬንዴ ግንባር 44 ከመቶ ገደማ አገኘ። ጨምሯል፣ ግን አሁንም ግማሽ አይሞላም። መስከረም 11 ጦሩ ወጣ።

ስለዚህ ቺሊ ውስጥ ሶሻሊዝምን የገደለው ምርጫ አይደለም፣ ታንክ ነው። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ የተረፈውንና ያልተረፈውን ይመልከቱ። በጦሩ ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ፒኖቼ በድሮው አዋጅ የተወረሱትን ፋብሪካዎች ለባለቤቶቻቸው መለሰ። በሙሉ ድምፅ የተወረሰውን መዳብ ግን በመንግሥት እጅ አቆየው። ያን ሁሉ ሰው የገደለ አምባገነን እንኳ ሁሉም ፓርቲ የፈረመበትን ነገር ሊመልሰው አልፈለገም። ከመዳቡ ገቢ ጦሩም ድርሻ ነበረው፣ ጥቅሙ የማይናቅ ነው።

አሁን «አንድ ፓርቲ አይሻልም ወይ?» ወደሚለው ልምጣ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደርግ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሲያቋቁም ገበሬውን ጠይቆት አያውቅም። የሚቃወም ፓርቲ የለም፣ የሚከራከር ጋዜጣ የለም። ሪፖርቱ ሁሉ «ተሳክቷል» ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው በወራት ውስጥ በሬውንም መሬቱንም ተከፋፍሎ ወደየጎጆው ገባ። መንግሥት ከአሥር ዓመት በላይ የደከመበት ነገር የገበሬው ፍላጎት እንዳልነበረ ያወቀው ያን ቀን ነው። የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶች ስለ ፈንዱ ተመሳሳይ ዜና የደረሳቸው በሦስት ወር ውስጥ ነው፣ ወሬ አምጪውም የምርጫ ኮሮጆ ነበር። አንድ ፓርቲ ፖሊሲ ለማውጣት ይፈጥናል፣ እርግጥ ነው። መሳሳቱን ለማወቅ ግን በጣም ይዘገያል።

ከዚያው ዘመን የቀረ አንድ ነገር አለ፣ መሬት። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ሥርዓቱ ወድቆ ሌላ ሲመጣም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ቀጠለ። በኔ መለኪያ ይህ ተሳክቷል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ መልሴ ለሁለት ይከፈላል። ጭሰኝነት ይመለስ የሚል ፓርቲ አላየሁም፣ ያ ክፍል ያለቀ ነገር ነው። መሬት ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ግን በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ክርክርም አንዱ ዋና መለያያ ነበር። እሱ ገና አልተፈተነም። ለመፈተን መጀመሪያ በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣን የሚያስረክብ መንግሥት ያስፈልጋል፣ እኛ ደግሞ እስካሁን አንድም የለንም።